የኮተቤ ሰልፍ

የመንገዱ ወለል ሚኪያስን ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀጠናው ያስወጣው በ2068 ዓ.ም. ጥቅምት ሦስት ቀን ጠዋት ነው። ሚስቱ ፌቨን ያን ሰዓት ፎቅ ላይ የቁርሱን ሳህን እያጠበች ነበር። እሱ እንደ ወትሮው ኮቱን ለብሶ፣ የቆዳ ቦርሳውን በብብቱ ሸጉጦ፣ ከሕንፃቸው በር ሃያ እርምጃ ራቅ ብሎ ቆሟል። ወለሉ በዚያ ለስላሳ ድምፁ ጉዳዩን ጠየቀው። ሚኪያስም ታክሲ እየጠበቀ መሆኑን ተናገረ። ደግሞ ጠየቀው፤ ደግሞ ያንኑ መለሰ። በሦስተኛው ከእግሩ ሥር ያለው ንጣፍ ቀስ ብሎ መንሸራተት ጀመረ። የነካው ሰው የለም፤ የተቆጣውም የለም። እንደቆመ፣ ቦርሳውን እንደያዘ፣ ሁለት መንገድና አንድ አደባባይ አልፎ ቀጠናው የሚያልቅበት ጠርዝ ላይ ደረሰ። እዚያ ንጣፉ ያበቃል፤ አፈር ይጀምራል።

ወደ ቤት መልሳ ያመጣችው ሶልያና ናት። ሶልያና ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ በአንድ ወቅት የፌቨን ተከራይ የነበረች ሴት ናት፤ ከሕንፃው ሥር ባለችው ሱቅ አሥራ አንድ ዓመት ጭማቂ ቤት ከፍታ ሠርታለች። አሁን የምትኖረው ከጠርዙ ማዶ ነው። ሚኪያስን በክንዱ ደግፋ እስከ ደረጃው ድረስ አመጣችውና የሆነውን ለፌቨን በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገረቻት። ፌቨን ግቢ ብትላትም አልገባችም። ለወለሉ ጉዳይዋን «ሰው ማድረስ» ብላ ስለተናገረች፣ ሰውየው ከደረሰ በኋላ የምትቆይበት ጊዜ አልነበራትም።

ሚኪያስ ሰባ አራት ዓመቱ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ኮተቤ በሚገኝ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምሯል። ጡረታ ከወጣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መርሳት ጀመረ፤ መጀመሪያ የተማሪዎቹን ስም፣ ከዚያ ዘመኑን፣ ከዚያ ጡረታ መውጣቱን ራሱ። የቀረው ጠዋቱ ነው። በየቀኑ አንድ ሰዓት ላይ ይለብሳል፣ ይወርዳል፣ ድሮ የኮተቤ ታክሲዎች ይጭኑበት የነበረው ቦታ ላይ ሄዶ ይሰለፋል። ከፊቱም ከኋላውም ሰው የለም። ሁለት ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ ዛሬ ታክሲ የለም ብሎ ይመለሳል። ፌቨን ይህን ነገር ልማድ አድርጋው ነበር። በመስኮት ብቅ ብላ ታየዋለች፣ ቆሟል፤ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች።

ታክሲ ከዚያ ሰፈር ከወጣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። ያስወጡት ባለንብረቶቹ ናቸው፤ ፌቨንም አንዷ ነበረች።

ድሮ ፒያሳ ይባል የነበረው ያ ሰፈር ዛሬ ቀጠናው ነው የሚባለው። በቀጠናው ሕንፃ ያላቸው ሠላሳ አራት ሰዎች ማኅበር አላቸው፤ እያንዳንዱም በሕንፃው ግንባር ስፋት ልክ እያዋጣ መንገዱን ያሻሽላል። የፌቨን ሕንፃ ከአባቷ የወረሰችው ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን በሁለት የመስታወት ማማዎች መካከል ተጣብቆ የቀረ ነው። መዋጮዋ ከሁሉ ያነሰ ነው፤ በጉባኤ ድምፅ ሲሰጥ እጇ ግን እንደማንም እጅ አንድ ሆኖ ይቆጠራል። የመጀመሪያው ማሻሻያ የመንገድ መብራት፣ የአበባ መደብና የጎርፍ መውረጃ ነበር። ያን ክረምት ጫማዋ ሳይጨቀይ ቤቷ መግባቷን አሁንም ታስታውሳለች፤ ደስ ብሏት ነበር። ሁለተኛው ታክሲዎቹን አስወጣ። ከዚያ መንገዱ ጣራ ለበሰ፣ የዝናብ ድምፅም ቀረ። ከዚያ ሽታ። ሽታ ሲከለከል የማንጎና የአቮካዶ ልጣጭም ሽታ ነው ተባለ፤ ሶልያና መፍጫዋን ጠቅልላ ወጣች። የሱቁን ቁልፍ ለፌቨን ስታስረክብ ያኮረፈች አትመስልም ነበር። ከዚያ በኋላ ሱቁን የተከራየው ማኅበሩ ራሱ ነው፤ በመስኮቱ ውስጥ ብርሃን ብቻ አለ።

በጉባኤው እጅ የማይወጣበት ምክንያት አልነበረም። ሻይና ብስኩት ይቀርባል፤ ሥራ አስኪያጁ አንድ ሥዕል ያሳያል። ሥዕሉ ሁልጊዜ ያምራል። ሁልጊዜም ሰዎች አሉበት፤ አንዱ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ ሌላዋ እየሳቀች። ሰው ሥዕሉን እያየ እጁን ያወጣል። ፌቨንም አሥራ አንድ ጊዜ አውጥታለች። ወለሉ ጉዳይ መጠየቅ የጀመረው ከሦስት ዓመት ወዲህ ነው፤ አሥራ አንደኛው ማሻሻያ ደግሞ ከዚያ ጥቅምት ጀምሮ እንዲንቀሳቀስ አደረገው።

የቀጠናው ሰው ቶሎ ለምዷል። አሁን ማንም እስኪጠየቅ አይጠብቅም፤ እየተራመደ ጉዳዩን ለራሱ እንደሚያወራ ሰው ያጉተመትማል። ጠዋት ጠዋት መንገዱ ላይ የሚሰማው እሱ ነው፦ ባንክ፣ ባንክ፣ ሐኪም፣ ዳቦ፣ ባንክ። የጫማ ክሩን ለማሰር የሚያጎነብስ «ክር» ይላል። ተቃቅፈው የሚሄዱ ወጣቶችም «ባንክ» ነው የሚሉት።

ሚኪያስ ከተወሰደ በማግስቱ ፌቨን ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ሄደች። ሥራ አስኪያጁ አቤኔዘር ይባላል፤ አርባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ነው፣ ሚኪያስም አስተምሮታል። ስትገባ ብድግ ብሎ ተቀበላት፤ ስለ ጋሽ ሚኪያስ ጤና ጠየቃት፤ ካርታ ሲስሉ እጃቸው እንደማይንቀጠቀጥ እስካሁን አልረሳሁም አላት። ከዚያ ነገሩን አስረዳት። ወለሉ ማንንም አይቀጣም። የባለንብረት የትዳር ጓደኛ እንደልቡ ይገባል፣ ይወጣል። ቆሞ ለመቆየት ግን ጉዳይ ያስፈልጋል፤ ታክሲ መጠበቅ ደግሞ ከጉዳዮቹ ዝርዝር ውስጥ የለም፣ ምክንያቱም ታክሲ የለም። አሥራ አንደኛው ማሻሻያ የጸደቀበትን ጉባኤ ምስል አወጣላትና አሳያት። ፌቨን ራሷን ሦስተኛው ረድፍ ላይ አየች። በአንድ እጇ የሻይ ሲኒ ይዛለች፤ ሌላው እጇ ወደ ላይ ነው።

«በመዝናናት ላስመዘግባቸው እችላለሁ» አላት አቤኔዘር። «አሥራ አንድ ደቂቃ ይፈቅዳል።»

ሁለት ሰዓት ነው የሚቆመው አለችው። እሱም አንገቱን ደፋ፤ እውነት ያዘነ ይመስላል። በሩን ቢቆልፉስ ሲል ጠየቃት። ፌቨን አስብበታለሁ ብላ ወጣች።

በሩን ቆልፋም አየች። ሚኪያስ ከበሩ ጀርባ ኮቱን ለብሶ ቆመ፤ እጀታውን አልነካም፣ አልጮኸም፤ እዚያው ተሰልፎ ሁለቱን ሰዓት ጨረሰ። ሦስተኛው ቀን ላይ ፌቨን ቁልፉን አንስታ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ሌላ ነገር ልታስተምረው ሞከረች። ወለሉ ሲጠይቅህ ባንክ በለው አለችው። ቁርሱን እየበላ ነበር፤ ቀና ብሎ አያት።

«ባንክ አልሄድም እኮ» አላት። «ለምን እዋሻለሁ? ታክሲ ነው የምጠብቀው።»

በቀጣዩ ሳምንት አራት ጊዜ ተወሰደ። አራቱንም ጊዜ ሶልያና ጠርዙ ላይ ተቀብላ መለሰችው። አምስተኛው ቀን ላይ ግን ሶልያና ጠርዙ ላይ አልጠበቀችም። በጠዋት ተነስታ መጣችና ከሚኪያስ ኋላ ተሰለፈች። ፌቨን በመስኮት ታያቸው ነበር። ወለሉ ሚኪያስን ጠየቀ፤ ታክሲ አለ። ሶልያናን ጠየቀ፤ እሷም ታክሲ አለች። ወለሉ ዝም አለ። አንድ ሰው ሲናገረው ስህተት የሆነው ጉዳይ ሁለት ሰው ሲናገረው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ተልኮ መጣራት አለበት፤ እስኪጣራ ደግሞ ወለሉ አይንቀሳቀስም። ይህን ሶልያናም አታውቅ፣ ማንም አያውቅ። ሁለቱ ሳይነኩ ቆሙ።

ፌቨን ኮቷን ደረበችና ወረደች። ለምን እንደወረደች ለራሷም አልተገለጠላትም። ከሶልያና ኋላ ሄዳ ቆመች፤ ሲጠይቃት ታክሲ አለች። ሶልያና ዞር ብላ አየቻት። ሚኪያስ ግን የሚስቱን ድምፅ ሲሰማ ዛሬ ሰልፉ ረዝሟል፣ ቶሎ ይመጣል ማለት ነው አለ።

በማግስቱ ስድስት ሆኑ። በሦስተኛው ቀን አሥራ ዘጠኝ። ሌሎቹ እነማን እንደሆኑ ፌቨን አታውቅም፤ ከጠርዙ ማዶ የመጡ አሮጊቶች ነበሩበት፣ ከባንክ ማማው የወጡ ባለ ክራቫቶችም ነበሩበት። ሰልፉ የምን እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሰው ሰልፍ አይቶ መጨረሻው ላይ ቆመ፣ በቃ። ከፊሉ ኮተቤ ይላል፣ ከፊሉ መገናኛ። ቆሞ መቆየት ስለተቻለ ወሬ ተጀመረ። አንዷ ሴት ስለ ጉልበቷ ታወራለች። አንድ ሰውዬ ደግሞ ሽንኩርት ማዶ እንደሚሻል ይናገራል፤ ሌላው አይሻልም ይለዋል። ፌቨን በዚያ መንገድ ላይ ሰው ከሰው ጋር ሲከራከር ከሰማች ስንት ዓመት እንደሆናት ለማስላት ሞከረች። ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ሊነሳ ብሎ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ተመልሶ ተኛ።

በሳምንቱ ማኅበሩ አስቸኳይ ጉባኤ ጠራ። ፌቨን ሰልፉን ለመበተን መስሏት ነበር፤ ምን ብላ እንደምትናገር ቤቷ ሆና አስባ ሄደች። ነገሩ ግን ሌላ ሆነ። አቤኔዘር በእነዚያ ቀናት ከመንገዱ ማዶ ቆመው ሰልፉን ሲያዩ የዋሉ ሰዎች ብዛት ቀጠናው ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቅ መሆኑን ተናገረ፤ ጎብኚዎቹም ጉዳያቸውን «ሰልፍ ማየት» ብለው ነበር ያስመዘገቡት። ከዚያ ሥዕሉን አሳየ። አሥራ ሁለተኛው ማሻሻያ፣ የትዝታ ፌርማታ። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባስ በሩን ከፍቶ ቆሟል፤ ሰዎች እየሳቁ ተሰልፈዋል፤ ከሁሉ ፊት ኮት የለበሰ ቦርሳ የያዘ ሽማግሌ አለ። አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ፌቨንን ዞር ብሎ አያትና ፈገግ አለላት። አስባ የመጣችውን ነገር አልተናገረችም። ሚኪያስ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ታያት። እጇን አወጣች።

በኅዳር መጨረሻ ከጽሕፈት ቤቱ ሁለት ሰዎች መጥተው ተሰላፊዎቹን መመዝገብ ጀመሩ። ከአሁን በኋላ ታክሲ መጠበቅ የታወቀ ጉዳይ ነው፤ የሚጠብቀውም ሰው ተመዝግቦ፣ ሰዓቱን ጠብቆ፣ ማኅበሩ የሚሰጠውን የድሮ ልብስ ለብሶ፣ ደመወዝ እያገኘ ይቆማል ተባለ። ብዙዎቹ ፈረሙ፤ ፌቨንም ለራሷና ለሚኪያስ ፈረመች። ባለ ክራቫቶቹ ወደ ማማቸው ተመለሱ። መዝጋቢዎቹ ሶልያና ዘንድ ሲደርሱ እጇን ኪሷ ውስጥ እንዳደረገች አዳመጠቻቸው።

«እኔ ጋሽ ሚኪያስን ይዤ ነው የቆምኩት» አለቻቸው። «ልታይ አይደለም።»

ካልፈረሙ መቆም እንደማይችሉ በትህትና ነገሯት። አልፈርምም አለች። ወለሉ ጠየቃት፤ ታክሲ አለች። ስሟ መዝገቡ ላይ ስላልነበረ ይህ ጉዳይ የእሷ አልነበረም። ንጣፉ ከሚኪያስና ከፌቨን መካከል ቀስ ብሎ አወጣት። እየሄደች ፊቷ ወደ ፌቨን ነበር። አልተቆጣችም፤ ልክ ቁልፉን ያስረከበች ዕለት እንዳየቻት ነው ያየቻት። ፌቨን ለአቤኔዘር አንድ ቃል ብትናገር፣ ወይም ከሰልፉ ወጥታ አብራት ብትሄድ የሚከለክላት አልነበረም። «ሶሊ» አለች፣ ቀስ ብላ። ሶልያና አደባባዩን ዞራ ከዓይን ተሰወረች። ፌቨን ባዶ የቀረችውን ቦታ ለመሙላት አንድ እርምጃ ወደፊት ጠጋ አለች።

ታክሲው የመጣው በታኅሣሥ ሰባተኛው ቀን፣ ማክሰኞ ነው። ሰማያዊና ነጭ፣ አንድ መብራቱ እንደተሰበረ ተደርጎ የተሠራ። ሾፌር የለውም። ከበሩ የተቀዳ የወያላ ድምፅ ይወጣል፦ «ኮተቤ፣ ኮተቤ፣ በመገናኛ ኮተቤ።» ሚኪያስ ድምፁን ሲሰማ ቦርሳውን ከብብቱ አውጥቶ በእጁ ያዘ። ዞሮ ፌቨንን አያትና መጣ አላት። ከማዶ የቆሙት ተመልካቾች አጨበጨቡ። መጀመሪያ የገባው እሱ ነው፤ መስኮት ጋ ተቀመጠ። ፌቨን አጠገቡ ገባች።

ታክሲው ተንቀሳቀሰ። በመስኮቶቹ ላይ የድሮው መንገድ ማለፍ ጀመረ፤ አራት ኪሎ፣ የመገናኛ ግርግር፣ ብርቱካን በጋሪ የሚሸጡ ሰዎች፣ የትራፊክ ፖሊስ። እንቅስቃሴው እንኳ ተጠንቶ የተሠራ ነው፤ ጉድጓድ ላይ ያንገጫግጫል። ሚኪያስ ግንባሩን ወደ መስኮቱ አስጠግቶ ሁሉንም አየ። ከዚያ ቀና ብሎ በፊት መስታወቱ ተመለከተ፤ እንደገና በጎኑ፤ እንደገና በፊቱ።

«ፀሐይዋ የታለች?» አላት። «ጠዋት ኮተቤ ስትሄጂ ፀሐይ ፊት ለፊትሽ ነው የምትሆነው። ይሄ ወደ ምሥራቅ አይሄድም።»

ደመና ነው አለችው። ከአራት ደቂቃ በኋላ ታክሲው ቆመ፤ ወያላው መጨረሻ፣ ኮተቤ መጨረሻ አለ። ሁሉም ወረደ። የወረዱት የተሳፈሩበት ቦታ ላይ ነው። ከፊታቸው የባንክ ማማው አለ፤ ከጎኑ የፌቨን አባት ሕንፃ አለ።

ሚኪያስ ቦርሳውን ይዞ ቆመ።

«ደረስን?» ብሎ ጠየቃት።

«ደረስን።»

«ልጆቹስ?»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለችው ፌቨን።

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ቤታቸው በር ሄደ፤ እሷም ተከተለችው። በማግስቱ አንድ ሰዓት ሆነ፤ ሚኪያስ ኮቱን አላነሳም። ፌቨን ኮቱን ከተሰቀለበት አውርዳ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችለት። አየው፤ መልሶ ጣራውን አየ። በሦስተኛው ቀን ኮቱን መልሳ ሰቀለችው። ሐኪሙ ደረቱን አዳመጠ፣ ዓይኑን በመብራት አየ፤ ምንም የተለየ ነገር የለም አላት። ይበላል፣ ይተኛል፣ ስትጠራው ዞር ይላል። ከዚያ በፊት በየጠዋቱ የነበረው ሰው ግን እዚያ አልነበረም። ፌቨን ይህን ስታስተውል ማልቀስ እንዳለባት አሰበች፤ ማድ ቤት ገብታም ትንሽ ጠበቀች። ስላልመጣላት ድንች መላጥ ጀመረች።

በሳምንቱ አቤኔዘር ራሱ ፍራፍሬ ይዞ መጣ። ሚኪያስ አልጋው ላይ ተኝቶ ነበር፤ አቤኔዘር ጎንበስ ብሎ እጁን ሳመው፣ ሚኪያስም እንደማያውቀው እንግዳ በጨዋ ደንብ አመሰገነው። ከዚያ ሳሎን ወጥተው ተቀመጡና አቤኔዘር የመጣበትን ጉዳይ እየከበደው ተናገረ። ጎብኚው ሰልፉን ሲያይ በመጀመሪያ የሚፈልገው ጋሽ ሚኪያስን ነው። ሰልፉ ፊቱ ባዶ ሆኗል። እትዬ ቅር ካላለዎት፣ የእሳቸውን ዓይነት ኮትና ቦርሳ ይዞ በቦታቸው የሚቆም ሰው ተገኝቷል። ለክብራቸው ሲባል ያለ እርስዎ ፈቃድ አይሆንም። ፌቨን ወረቀቱን ተቀብላ አነበበችው። መጨረሻው ላይ የሚፈረምበት ቦታ ነበረው። ፈረመች። አቤኔዘር ደጋግሞ አመስግኗት ሄደ።

ሰውየው ሥራ የጀመረው በጥር ነው። ያን ጠዋት ሚኪያስ ትንሽ ተሽሎት ስለነበር ፌቨን ወንበሩን ወደ መስኮቱ አስጠግታ አስቀመጠችው፣ ሻይ ሰጠችው፣ እሷም አጠገቡ ተቀመጠች። ታች ሰልፉ ሞልቷል። ከፊት ኮት የለበሰ፣ የቆዳ ቦርሳ በብብቱ የሸጎጠ፣ ጎበጥ ያለ ሰው ቆሟል። ሚኪያስ ብዙ ጊዜ አየው።

«ማነው?» አላት።

«መምህር ነው» አለችው።

ታክሲው መጣ። ሰውየው ገባ፤ ሌሎቹም ተከትለው ገቡ። ዞሮ ሲመለስ ሰውየው ወረደ፣ ኮቱን አስተካከለ፣ ተመልሶ ሰልፉ ፊት ቆመ። ታክሲው ደግሞ መጣ። ሚኪያስ ሲኒውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀመጠ።

«ሂጂ ንገሪው» አላት። «ይሄ ታክሲ የትም አይሄድም። ምስኪን፣ ይረፍድበታል።»

እነግረዋለሁ አለችው። ሚኪያስም ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። ታች ሰውየው ገባ፣ ዞረ፣ ወረደ፣ ቆመ። ከማዶ ሰዎች ያጨበጭባሉ፤ በመስታወቱ በኩል ድምፁ አይሰማም።

«ነገርሽው?»

«ነገርኩት።»

«ምን አለሽ?»

ፌቨን ትንሽ አሰበች። «እሺ አለ» አለችው። ሚኪያስ ራሱን ነቀነቀ፤ ሲኒውን አንስቶ ሻዩን መጠጣት ጀመረ። ፌቨን ከተቀመጠችበት አልተነሳችም ነበር።